መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያደረው ሥራ፦ ዛሬ ነገ ማለትና ሥነ ልቦናዊ አቅም በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ



በግቢ ውስጥ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ በተማሪው ላይ ነው። አሳይመንት በመጨረሻው ሌሊት ይሠራል፣ ለፈተና የሚጠናው ፈተናው በሩን ሲያንኳኳ ነው ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። ዛሬ ግን ብዙም የማይጻፍበትን ሌላውን ወገን እናያለን። ዛሬ ነገ ማለት መምህራኖቻችንንም ይይዛል። ለምን እንደሚይዛቸው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሰጡት ማብራሪያ ደግሞ ለእነሱም ለእኛም የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ጉዳዩ እኛን ለምን ይመለከተናል?

አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ አስገብቶ ለሳምንታት አስተያየት የሚጠብቅ ተማሪ ጊዜው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡም ይባክናል። የማስተርስ ተማሪ ከሆነ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ የሥራ ፈቃዱ ያልቃል፣ ቤተሰብም "መቼ ነው የምትጨርሰው?" እያለ ይጠይቃል። ግሬድ ሲዘገይ ሬጅስትራር በር ላይ የሚሰለፈውም ተማሪው ነው።

ሁለተኛው ምላሳችንን ይመለከታል። አማካሪው ሲዘገይ በዶርምና በካፌ የሚወራው ይታወቃል፤ "ሰነፍ ነው"፣ "ንቆን ነው"፣ "ሆን ብሎ ሊያስቀረን ነው" ይባላል። የሰውን ሁኔታ ሳናውቅ የምንሰጠው ፍርድ ሐሜት ከመሆኑም ሌላ መፍትሔ አያመጣም። በሽታው በትክክል ካልታወቀ መድኃኒቱም አይገኝም።

ሦስተኛው፣ ዛሬ ይህን ከምናነበው መካከል ጥቂቶቻችን ነገ ረዳት ምሩቅ ሆነን እንቀጠራለን፤ ከዚያም ሌክቸረር፣ አላህ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ። ያኔ የሌላ ሰው ቴሲስ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ይህ አማና ነው፤ ስለ አማና ደግሞ አስቀድሞ መማር ይሻላል።

ዛሬ ነገ ማለት ምንድን ነው?

ዓረብኛው "ተስዊፍ" ይለዋል። ቃሉ የተገኘው "ሰውፈ" ከሚለው ነው፤ "ወደፊት አደርገዋለሁ" እንደማለት ነው። ተመራማሪዎች ሲተረጉሙት ደግሞ አንድ ሰው ሊሠራው ያሰበውን ሥራ፣ መዘግየቱ እንደሚጎዳው እያወቀ፣ በገዛ ፈቃዱ ሲያሳድረው ነው ይላሉ። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። ሥራውን ለመሥራት ሐሳብ አለ፤ ጉዳቱ ይታወቃል፤ ግን ይዘገያል።

ስለዚህ ሁሉም መዘግየት ዛሬ ነገ ማለት አይደለም። አጣዳፊ ሥራ መጥቶበት የእኛን ለሳምንት ያቆየ መምህር ቅደም ተከተል አውጥቷል እንጂ ዛሬ ነገ አላለም። ደመወዙ ስላልበቃው ማታ በግል ኮሌጅ የሚያስተምር መምህርም ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ጥያቄ የኑሮ ጥያቄ ነው። ስንፍናም ሌላ ነው። ሰነፍ ሰው ሥራውን ባለመሥራቱ ብዙም አይጨነቅም። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ግን ይጨነቃል፤ ሥራውን ትቶ ጠረጴዛ ሲያስተካክል፣ ኢሜይል ሲመልስ፣ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ሲመሽ ያልሠራው ሥራ ድካም ይጫነዋል።

ካናዳዊው ተመራማሪ ፒርስ ስቲል በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰፊ የጥናቶች ዳሰሳ፣ ከኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ከ80 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት በተወሰነ ደረጃ ዛሬ ነገ እንደሚሉ የሚገልጹ ግምቶችን ጠቅሷል። ከዚህ ቁጥር በላይ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ምክንያቶቹን በተመለከተ ያገኘው ነው። ሰው ይበልጥ የሚያዘገየው ሥራው ሲያስጠላው፣ የሥራው ፍሬ ሩቅ ሲሆን፣ "እችለዋለሁ" የሚል እምነት ሲያንሰውና ለአፍታ ፍላጎት ቶሎ የሚሸነፍ ሲሆን ነው።

ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጽሑፍ ዛሬ ነገ ማለት በዋናነት የስሜት ጉዳይ እንደሆነ አብራርተዋል። ሥራው ፍርሃት፣ መሰላቸት ወይም ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል። ሥራውን ለነገ ስናሳድረው ያ ስሜት ወዲያው ይቀልልናል። እፎይታው ሽልማት ይሆንና ልማዱን ያጠነክረዋል። ዋጋው የሚከፈለው ዘግይቶ ነው። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዛሬ ነገ የሚሉ ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀት ነበረባቸው። መጨረሻው ሲቃረብ ግን ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ከሌሎቹ በለጠ፤ ውጤታቸውም ዝቅ አለ።

ሥነ ልቦናዊ አቅም ሲባል

ወደ መምህራን ስንመጣ ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳ ሐሳብ አለ። ሥነ ልቦናዊ አቅም፣ ወይም በሥራ ላይ የሚሰማ የባለቤትነት ስሜት ልንለው እንችላለን። አንድ ሰው ከአለቃው ሥልጣን ተሰጥቶት በውስጡ ግን ምንም አቅም እንደሌለው ሊሰማው ይችላል። ወረቀት ላይ ያለ ሥልጣንና ልብ ውስጥ ያለ አቅም ይለያያሉ ማለት ነው።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ግሬቸን ስፕራይትዘር በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ይህን ስሜት በአራት ከፍላ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 12 መጠይቆች ያሉት መለኪያ አዘጋጅታለች። መለኪያው ዛሬም ድረስ በብዙ አገሮች፣ በመምህራን ላይም ጭምር ይሠራበታል። አራቱ እነዚህ ናቸው፦

1. ትርጉም፦ "የምሠራው ሥራ በእኔ ዓይን ዋጋ አለው።"
2. ብቃት፦ "ይህን ሥራ ለመሥራት እችላለሁ።"
3. የራስ ውሳኔ፦ "ሥራዬን እንዴት እንደምሠራ የምወስነው እኔ ነኝ።"
4. ተፅዕኖ፦ "እኔ በመሥራቴ በክፍሌ ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ።"

ስቲል ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ጋር ስናስተያያቸው ግንኙነቱ ይታያል። ትርጉም የጠፋበት ሥራ ያስጠላል፤ ብቃት የተጠራጠረ ሰው "እችለዋለሁ" አይልም፤ ተፅዕኖውን የማያይ ሰው የሥራው ፍሬ ይርቅበታል። እያንዳንዱ ሲጓደል የራሱን ዓይነት መዘግየት ይወልዳል። በዩኒቨርሲቲ ሕይወት ውስጥ ይህ ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ እንመልከት።

ትርጉም ሲጠፋ

መምህር ከማስተማርና ከመመራመር ሌላ ብዙ ወረቀት ይሞላል። ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አለ። ማንም አያነበውም ብሎ ያሰበውን ሪፖርት ከክፍል ኃላፊው ስልክ እስኪደወል ድረስ ቢያሳድረው አይገርምም። ይህ ስሜት ወደ እኛ ሥራም ይሻገራል። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ርዕስ፣ የከተማው ስም ብቻ ተቀይሮ፣ አንድ ዓይነት መግቢያ ይዞ ሲመጣ አማካሪው ምን ያህል በጉጉት ያነበዋል? ከሌላ ጽሑፍ ተገልብጦ የመጣ ምዕራፍ ለተማሪው ጊዜ ቆጥቦ ይሆናል፤ ለመምህሩ ግን "ይህን ማንበብ ምን ይጠቅማል?" የሚል ጥያቄ ይተዋል። በዚህ ረገድ የእኛም ድርሻ አለበት።

ብቃት ሲጠረጠር

ይህ ከውጭ ሲታይ በጣም የሚያሳስተው ነው። አማካሪ የሚመደበው ሁልጊዜ በሙያው ልክ አይደለም። አዲስ መምህርት በደንብ በማታውቀው የስታትስቲክስ ዘዴ የተሠራ ቴሲስ ሊደርሳት ይችላል። "አላውቀውም" ማለት ያሳፍራታል፤ የተሳሳተ አስተያየት መስጠትም ያስፈራታል። ስለዚህ ፋይሉ ሳይከፈት ይቆያል። ተማሪው በበኩሉ "ንቃኝ ነው" ብሎ ያስባል። በአንዱ ወገን ፍርሃት የነበረው በሌላው ዓይን ንቀት ሆነ ማለት ነው።

በምርምርም እንዲሁ ነው። ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ በታወቁ ጆርናሎች ላይ የታተመ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ከገምጋሚዎች የመጣ ረጅም የማስተካከያ ዝርዝር ያለው ኢሜይል ተከፍቶ፣ ሁለት መስመር ተነቦ፣ ተዘግቶ ወራት ሊቆጠሩ ይችላሉ። ችሎታው የለም ማለት አይደለም። ዝርዝሩን በከፈተው ቁጥር "አልችልም" የሚለው ስሜት ስለሚመጣ መምህሩ የሚሸሸው ስሜቱን ነው።

የራስ ውሳኔ ሲወሰድ

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የኮርስ ድልድል ይወጣል፤ ያልጠበቀው ኮርስ ይደርሰዋል። ድንገተኛ ስብሰባ ይጠራል፤ ለንባብ የያዘው ከሰዓት ይበላል። የሚያስተምረው ይዘት፣ የፈተናው ቅርጽ፣ የሚሞላው ፎርም ሁሉ ከላይ የመጣ ሲሆን፣ በሰውየው እጅ የሚቀረው ውሳኔ አንድ ብቻ ይሆናል፤ "መቼ" የሚለው። ስለዚህ ሳያስበው እንኳ በዚያች በቀረችው ነገር ነጻነቱን ይገልጻል። ማዘግየት ድምፅ የሌለው እምቢታ ይሆናል። የሚያሳዝነው ግን እምቢታው ለወሰነበት አካል አይደርስም። የሚደርሰው በር ላይ ለቆመው ተማሪ ነው።

ተፅዕኖ ሳይታይ ሲቀር

በየዓመቱ በክፍሉ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ የሚያነሳ፣ ሐሳቡም በቃለ ጉባኤ ተይዞ ምንም ሳይለወጥ የሚቀርበት መምህር፣ ቆይቶ የኮርሱን ማስታወሻ ማደሱንም "ለከርሞ" ማለት ይጀምራል። በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ውጤቱ ለመምህራን ተፅዕኖአቸውን የሚያዩበት መስታወት ሊሆን ይችላል። የሚጠቅመው ግን ውጤቱ "የት ጋ እናጠናክር?" ለሚል ውይይት ከዋለ ነው። ለወቀሳ ብቻ ከዋለ ያንኑ የአቅም ማጣት ስሜት ይጨምራል።

ክቡ እንዴት ይዞራል?

አቅም ማጣት መዘግየትን ይወልዳል፤ መዘግየቱም ተመልሶ አቅምን ይሸረሽራል። ምዕራፉን ለሁለት ሳምንት ያቆየ መምህር ተማሪውን በኮሪደር ሲያይ ያፍራል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስልኩን ለማንሳት ይከብደዋል። አራተኛው ላይ "ይህን ያህል ቆይቼ አጭር አስተያየት ብሰጥ ምን ይባላል?" ብሎ ሥራውን በአእምሮው ያገዝፈዋል። የገዘፈ ሥራ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ብዙ ጊዜ ስልክ የማይነሳው ተማሪው ስለተረሳ ሳይሆን በደንብ ስለሚታወስ ነው።

ነጻነት ብቻውን አይበቃም

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ችግሩ የአቅምና የነጻነት ማጣት ከሆነ መምህሩን ነጻ ብንተወው አይፈታም ወይ? አይፈታም። የመምህርን ሥራ ልብ ብለን ብንመለከት፣ የክፍል ሰዓትና የፈተና ቀን እምብዛም አይዘሉም፤ ቀን ተቆርጦላቸዋልና። የሚያድረው ቀን ያልተቆረጠለት ነው፤ የቴሲስ አስተያየት፣ የምርምር ጽሑፍ፣ የኮርስ ማሻሻያ።

ዳን አሪየሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ሦስት ጽሑፎችን እንዲያስረክቡ አደረጉ። አንዱ ቡድን በእኩል ርቀት የተቀመጡ ቀኖች ተሰጡት፤ ሌላው ቀኖቹን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ሲመርጡ ብዙዎቹ ሁሉንም ወደ መጨረሻው ቀን አልገፉም፤ በፈቃዳቸው ራሳቸውን በቀደሙ ቀኖች አሰሩ። ያም ሆኖ በውጤት የበለጠው በእኩል ርቀት ቀን የተቆረጠለት ቡድን ነበር። ሰው ድክመቱን ያውቃል፤ ቀን መቁረጥም ይረዳዋል፤ ግን ብቻውን ሲቆርጠው ሁልጊዜ በትክክል አይቆርጥም ማለት ነው። የራስ ውሳኔም ለጋራ ቀጠሮ ቦታ ይተዋል። የሚጎዳው ሳይመካከሩ የሚጫን ቀን ነው።

ምን ይደረግ?

በመምህሩ በኩል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮበርት ቦይስ በተለይ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የአጻጻፍ ልማድ ለዓመታት አጥንቷል። "ሰፊ ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ" ብለው ክረምቱን ከሚጠብቁት ይልቅ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ የሚጽፉት የበለጠ ያመርታሉ ብሏል። እኛም "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንላለን። በቀን 30 ደቂቃ ለአንድ ቴሲስ መስጠት ሙሉ ቅዳሜን ከመጠበቅ ይሻላል፤ ሙሉዋ ቅዳሜ ለቅሶ፣ ሠርግና የቤት ጣጣ ይዛ ትመጣለችና።

ፒተር ጎልዊትዘር ደግሞ "መቼ፣ የት፣ እንዴት" የሚል ዕቅድ ከባዶ ሐሳብ ይልቅ ወደ ተግባር እንደሚያደርስ አሳይቷል። "በዚህ ሳምንት አየዋለሁ" ከማለት "ማክሰኞ ዙህር ሰግጄ እንደተመለስኩ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የምዕራፍ ሁለትን አራት ገጽ አነባለሁ" ማለት ይበረታል። አምስቱ የሰላት ወቅቶች ቀናችንን ስለሚከፋፍሉት ለእንዲህ ያለው ዕቅድ የተመቹ መንጠልጠያዎች ናቸው።

ያለፈውን በተመለከተም የሚያጽናና ግኝት አለ። ማይክል ዎልና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና በመዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና የዘገዩት ባነሰ መጠን ነበር። ራስን መውቀስ ሥራውን ይበልጥ አስፈሪ ያደርገዋል። ተውባን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ ተጸጽቶ መመለስ በጸጸት ውስጥ ተቀምጦ ከመቅረት ይለያል።

በትምህርት ክፍሉ በኩል። የኮርስና የአማካሪ ድልድልን አስቀድሞ፣ መምህሩን አማክሮ ማውጣት የራስ ውሳኔንና ብቃትን አንድ ላይ ያግዛል። ለአስተያየት መመለሻ ሁሉም የተስማማበት ቀን ማስቀመጥ፣ አዲስ አማካሪን ከነባር ጋር ማጣመር፣ የማያስፈልግ ሪፖርትን መቀነስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ነውና መምህራን በወር ሁለት ጊዜ ተሰባስበው የጻፉትን ቢነባበቡ ብቻውን የከበደ ሥራ ይቀልላል።

በእኛ በኩል። ተማሪ አቅም የለውም ብለን እናስብ ይሆናል፤ ነገር ግን አራቱንም መንካት እንችላለን።

1. ሥራውን አሳንሰን እናቅርብ። 60 ገጽ ልኮ "ይዩልኝ" ማለት የመምህሩን ሥራ ያገዝፈዋል። "መምህር፣ የምዕራፍ ሁለትን 8 ገጽ ልኬልዎታለሁ። በተለይ የናሙና አመራረጡ ልክ መሆኑን እንዲያዩልኝ ነው። የሚመችዎት ከሆነ ሐሙስ ከሰዓት ለ15 ደቂቃ ቢሮ ብመጣ?" ማለት ግን መጠኑን፣ ጥያቄውንና ቀኑን ይዟል፤ ውሳኔውንም ለእሳቸው ይተዋል።

2. ትርጉም ያለው ነገር እናምጣ። የራሳችን የሆነ ጥያቄ፣ በራሳችን እጅ የተጻፈ ገጽ፣ ሳይገለበጥ። ኒያችን ወረቀት ማግኘት ብቻ ከሆነ የሚያነበውም ሰው ያውቅብናል።

3. ተፅዕኖአቸውን እንንገራቸው። "ባለፈው የነገሩኝን ይዤ መጠይቁን ቀየርኩት፤ መልሱ ግልጽ ሆነልኝ" የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር መምህሩ ድካማቸው የት እንደደረሰ ታሳያለች። ሰውን ማመስገን ከአደባችን ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሥራም ይሠራል።

4. መብታችንን በአግባቡ እንጠይቅ። መረዳት ማለት መጎዳትን ዝም ብሎ መቀበል አይደለም። በተደጋጋሚ ጠይቀን መልስ ካጣን፣ የላክንባቸውን ቀኖች መዝግበን በአክብሮት በጽሑፍ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማመልከት ትክክለኛው መንገድ ነው። ይህ መምህሩንም ከሐሜት ይጠብቃቸዋል፤ እኛንም ከዓመት መራዘም።

በመጨረሻም

የመምህሩን መዘግየት በፍርሃት፣ በመሰላቸትና በአቅም ማጣት መነጽር ማየት ኃላፊነቱን ከትከሻው አያወርድም። ያደረ ሥራ ያደረ አማና ነውና። ግን የት ላይ እንደምንረዳ ያሳየናል። በተማሪነታችን የለመድነው "ነገ" ደግሞ ዲግሪ ስለያዝን አይለቀንም፤ አብሮን ወደ ቢሮ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ በ8 ገጽ፣ በ30 ደቂቃና በአንድ ቁርጥ ቀጠሮ የምንለማመደው ልማድ፣ ነገ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ለሚያድረው ተማሪ ያዘነ ይሆናል።

አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን፤ ለመምህራኖቻችንም ብርታቱን ይስጣቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።